ማህተሙ በካዝና፣ ፓስዎርዱ በአደባባይ

በከተማችን አንድ ጉዳይ ለማስፈጸም ወረፋ ይዞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ በስም የሚያውቀው፣ በአካል ግን አይቶት የማያውቅ አንድ ፍጡር አለ። ስሙ «ሲስተም» ይባላል። ሲስተም አንዳንድ ቀን ይመጣል፤ አንዳንድ ቀን ይሄዳል። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ልጅ ቀና ሳትል «ሲስተም የለም» ትላለች፤ ከመስኮቱ ወዲህ የቆምነውም እንደ አመላችን አቀርቅረን እንመለሳለን። ድሮ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እንባል ነበር። ያ ቢያንስ ተስፋ ነበረው፤ ኃላፊው ሰው ናቸው፣ ስብሰባም ያልቃል። ሲስተም ግን አይጠየቅ፣ አይገሠጽ፣ ደመወዙ አይቆረጥ። የሁሉንም ጥፋት ተሸክሞ ዝም የሚል እንዲህ ያለ ባለሥልጣን በአገራችን ተሹሞ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ነገሬ ግን ስለ ወረፋ አይደለም። ሲስተም የሚባለው ነገር ማን እንደሆነ ለመናገር ነው። ሲስተም ማለት በመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት፣ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቆልፎ እያጉረመረመ የሚውል ሣጥን ብቻ ነው ብለን አምነናል። እኔ አይደለም ባይ ነኝ። ሲስተም ማለት ሰው ነው። ፓስዎርዷን ለባልደረባዋ ነግራ ምሳ የወጣችው ገንዘብ ያዥ ናት፤ ደጃፍ ላይ ወድቆ ያገኘውን ፍላሽ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ የሰካው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ «እኔ ስብሰባ አለብኝ፣ አንቺው ግቢና አጽድቂልኝ» ብለው የማጽደቂያ ቃላቸውን ለጸሐፊያቸው ያስረከቡት ሥራ አስኪያጅ ናቸው። የእኔና የእናንተ ገንዘብ፣ የሕክምና ካርድ፣ የይዞታ ማስረጃ፣ የጡረታ መዝገብ የሚዘረፈውም የሚተርፈውም በእነዚህ ሰዎች ጠባይ ነው። ነገሩ ይህ ከሆነ ጥያቄው «ምን ዓይነት ማሽን እንግዛ?» ሳይሆን «ምን ዓይነት መሥሪያ ቤት ነው ያለን?» መሆን ይኖርበታል።

እስቲ ከምናውቀው እንነሳ። እኛ መጠበቅ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ክብ ማህተም ያለው ማንኛውም መሥሪያ ቤት ገብታችሁ ተመልከቱ። ማህተሙ በካዝና ወይም በመሳቢያ ይቆለፋል፤ ቁልፉ በአንድ ሰው ቦርሳ ውስጥ ይውላል፤ ያ ሰው ዕረፍት ሲወጣ በፊርማ ያስረክባል። ሰውየው ለቀብር ከሄደም ጉዳያችን ሳይታተም ያድራል እንጂ ማህተሙ ከተቆለፈበት አይወጣም። «እስቲ ማህተሙን ለአምስት ደቂቃ አውሰኝ» የሚል ሠራተኛ ቢገኝ ወይ አብዷል ይባላል፣ ወይ ይጠረጠራል። ያው መሥሪያ ቤት ግን ከማህተሙ መቶ እጥፍ የሚበልጥ ሥልጣን ያለውን ፓስዎርድ በቢጫ ወረቀት ጽፎ በኮምፒዩተሩ ግንባር ላይ ይለጥፈዋል። ማህተም በአንድ ጊዜ አንድ ደብዳቤ ታጸድቃለች፤ ፓስዎርድ በአንዲት ሌሊት የሺህ ሰው ሒሳብ ያንቀሳቅሳል። ማህተም የሚሰርቅ ሌባ ዘበኛ አልፎ በበር መግባት አለበት፤ ፓስዎርድ የሚሰርቅ ግን ከሌላ አህጉር፣ ሻዩን እየጠጣ ይገባል።

ታዲያ ስለምን አንዱን አከበርን፣ ሌላውን ናቅን? ማህተም ብትሰረቅ ቦታዋ ባዶ ይሆናል፤ ይታያል። ፓስዎርድ ግን ተሰርቆም ቦታው ላይ አለ። ሰው ደግሞ ቦታው ላይ ያለ ነገር ተሰርቋል ብሎ ለማመን ይከብደዋል። ችግሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን አስተምረን በተገላገልን ነበር። ችግሩ ግን ይህ ብቻ አይደለም።

ይህን የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ፣ ከደጅ ቆሜ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እንዲህ በየመጽሔቱ በር ጽሑፍ ይዤ መዞር ሳልጀምር፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ውስጥ ተቀጥሬ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን የፌስቡክ ገጽ እኔና አንዲት ባልደረባዬ እየተፈራረቅን እናዘጋጃለን። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። የረጋ፣ ጎርነን ያለ የወንድ ድምፅ ነው። «ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው» አለኝ። የአለቃዬን ስም ከነማዕረጋቸው ጠራ። «እሳቸው ስብሰባ ገብተዋል። ገጻችሁ ላይ ችግር ተፈጥሯል። አሁን በስልክህ አንድ ቁጥር ይመጣል፤ እሱን ንገረኝ። ቶሎ በል፣ የበላይ አካል እየጠበቀ ነው።» ቁጥሩ መጣ። ነገርኩት። «እሺ ጌታዬ» ማለቴም ትዝ ይለኛል።

ያን ዕለት ማታ ገጹ አልከፈት ሲለኝ ልቤ ነግሮኛል። አንድ ስልክ ብደውል ይበቃ ነበር። አልደወልኩም። ቅዳሜን ዝም አልኩ፤ እሑድንም ዝም አልኩ። ምናልባት ራሱ ይስተካከል ይሆናል፣ ምናልባት ሌላ ሰው አይቶ ይናገር ይሆናል፣ ምናልባት ሲስተሙ ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። በእነዚያ ሁለት ቀናት ውስጥ ሌቦቹ በመሥሪያ ቤቱ ስምና ዓርማ የሥራ ማስታወቂያ አወጡ፤ ለመመዝገቢያ እያሉም ከሥራ ፈላጊዎች ገንዘብ አስላኩ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ወጣቶች፣ አንዱ ዶሴውን በፌስታል ጠቅልሎ፣ የላኩበትን መልእክት በስልካቸው እያሳዩ በር ላይ ሲለማመጡና ዘበኛው ሲመልሳቸው በመስኮት አይቻለሁ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ገጹ የተከፈተው በባልደረባዬ ስም ስለነበረ ጥፋቱ እሷ ላይ አረፈ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላት። እኔ በስብሰባው ላይ ነበርኩ። አልተናገርኩም።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ አለኝ። ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ የመጀመሪያው ነገር «ምንጭህን አጣራ» የሚል ነው። እንግዲህ አላወቅሁም ነበር ብዬ ልከራከር አልችልም። ሌባው የሰበረው ቁልፍ፣ የበጠሰው ሽቦ የለም። የተጠቀመው በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አለቃ በመፍራቴና በይሉኝታዬ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ቁጥርዎን ይስጡኝና መልሼ ልደውል» ማለት ድፍረት መሰለኝ። ለሁለት ቀን የታፈነው እውነትም የታፈነው በዚያው ፍርሃት ነው። የመጀመሪያውን ስሕተት የሠራሁት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ወጣቶቹን ገንዘብ ያስበላቸው ግን ሁለተኛው፣ የሁለት ቀኑ ዝምታ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ክርክሬ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

«ያንተ መሥሪያ ቤት ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ትልልቆቹ እንዲህ አይሆኑም» የሚለኝ ይኖራል። እንግዲያው ወደ ትልቁ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2016 የካቲት ወር መጀመሪያ ላይ የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ፣ ማለትም የአንድ አገር ሕዝብ ካዝና፣ ተዘረፈ። ሌቦቹ የገቡት ግድግዳ ቆፍረው አልነበረም። ሥራ ፈላጊ መስለው ለባንኩ ሠራተኞች ደብዳቤ በኢሜይል ላኩ፤ ደብዳቤው የሕይወት ታሪኬን ተመልከቱልኝ የሚል ነበር። ከተላከላቸው አንድ ሰው እንኳ ቢከፍተው ይበቃቸው ነበርና በዚያች ቀዳዳ ገቡ። ከገቡ በኋላ አልቸኮሉም፤ የባንኩን አሠራር እያጠኑ ወራት ቆዩ። በመጨረሻ አንድ ሐሙስ ማታ፣ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ፣ ባንኩ በኒው ዮርክ ካለው ሒሳብ 951 ሚሊዮን ዶላር እንዲወጣ የሚያዙ 35 መልእክቶች ላኩ።

ቀኑ የተመረጠው በዕውቀት ነው። በዚያ አገር ዓርብና ቅዳሜ የዕረፍት ቀን ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በኒው ዮርክ ሥራ የለም፤ ሰኞ በፊሊፒንስ የቻይናውያን አዲስ ዓመት በዓል ነበር። ሌቦቹ የኮምፒዩተሩን ብቻ ሳይሆን የሰዎቹን የዕረፍት ቀን፣ የሰዎቹን አመል አጥንተዋል። ባንኩ ውስጥ የዝውውር መልእክቶችን በየጊዜው በወረቀት የሚያትም ፕሪንተር ነበረ። ዓርብ ጠዋት ተረኞቹ ሲመጡ ፕሪንተሩ አልሠራ ብሏል። ምን አሉ? እኛም የምንለውን አሉ። ፕሪንተር መቼም ይበላሻል፤ ከዚህ ቀደምም ተበላሽቶ ያውቃል፤ ነገ ይሠራል። ያ ፕሪንተር የተበላሸው ሌቦቹ አፉን ስለለጎሙት ነበር። እየጮኸ ያለውን ዘበኛ ጉንፋን ይዞት ነው ብለው አለፉት።

ከገንዘቡ ከፊሉ ያልሄደው ደግሞ በምን እንደሆነ ስሙኝ። ወደ ስሪላንካ ከተላከው 20 ሚሊዮን ዶላር ላይ የተቀባዩ ድርጅት ስም ውስጥ «ፋውንዴሽን» የሚለው ቃል «ፋንዴሽን» ተብሎ በስሕተት ተጽፎ ነበር። በመካከል ያለ አንድ ባንክ ይህች የፊደል ግድፈት ቆረቆረችው፤ ጠየቀ፤ ገንዘቡም ቆመ። ወደ ፊሊፒንስ የተላከው 81 ሚሊዮን ዶላር ግን ሄደ፤ አብዛኛውም በማኒላ ቁማር ቤቶች በኩል ተበተነ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ዘረፋው የሰሜን ኮሪያ መንግሥት ሰዎች ሥራ ነው ብሎ ክስ መሥርቷል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የባንኩ የበላይ ኃላፊ ምን አደረጉ? ለአንድ ወር ያህል ነገሩ በይፋ ሳይነገር ቆየ፤ የገዛ አገራቸው የገንዘብ ሚኒስትር ሳይቀሩ ዘረፋውን የሰሙት ከዜና ነው። ገዥው በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ሥራቸውን ለቀቁ። እንግዲህ ትልቁን የአገር ባንክና የእኔን ትንሽ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል አንድ ያደረገው ምንድን ነው? ማሽኑ አይደለም። መጀመሪያ አለመጠየቅ፣ ቀጥሎ መደበቅ ነው።

አሁን ከሁለት ወገን ጋር መከራከር አለብኝ። የመጀመሪያው ወገን «ማሽን ይገዛ» የሚለው ነው። ይህ ወገን በየመሥሪያ ቤቱ አለ፤ ጨረታ ይወዳል፣ የምረቃ ሪባን ይወዳል። ችግር በተፈጠረ ቁጥር አዲስ ሰርቨር፣ አዲስ መከላከያ፣ አዲስ ካሜራ ያስመጣል። ማሽን አያስፈልግም አላልኩም፤ በር የሌለው ቤት ውስጥ ስለ ቁልፍ አያያዝ መምከር ሞኝነት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ትዊተር ይባል የነበረው ኩባንያ ምን እንደደረሰበት አስታውሱ። የማሽን ችግር ያለበት ኩባንያ አልነበረም። ጥቂት ወጣቶች፣ ዋናው የ17 ዓመት ልጅ የሆነ፣ የኩባንያው የኮምፒዩተር ድጋፍ ክፍል ሠራተኞች መስለው ለሠራተኞቹ ስልክ ደወሉ። በኮሮና ምክንያት ሁሉም ከቤቱ ይሠራ ስለነበረ የመገናኛ ችግር እንዳለባቸው ያውቃሉና «ልንረዳችሁ ነው» አሉ። በዚህ ብቻ የባራክ ኦባማን፣ የጆ ባይደንን፣ የኢሎን መስክን ገጾች ጨምሮ 130 የሚሆኑ ገጾችን ለመንጠቅ ተነሱ፤ በታዋቂዎቹ ስምም ከየዋሃን ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ሰበሰቡ። በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚያንቀሳቅስ ኩባንያ በአንድ ጎረምሳ ምላስ ተከፈተ። ለእኔም የተደወለው ያው ስልክ ነው፤ ልዩነቱ ቋንቋው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ወገን «ሠራተኛው አያውቅም፣ ሰነፍ ነው፣ ይቀጣ» የሚለው ነው። ይህኛው ይብሳል፤ ምክንያቱም ግማሽ እውነት ይዟል። ሰው ይሳሳታል፤ እውነት ነው። ግን ሰው ለምን ይሳሳታል? ለብዙ ዓመታት የዓለም መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን «ፓስዎርዳችሁን በየሦስት ወሩ ቀይሩ፤ ትልቅ ፊደል፣ ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ቀላቅሉበት» ሲሉ ኖረዋል። ይህን ምክር እ.ኤ.አ. በ2003 ለአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም የጻፈው ቢል በር የተባለ ባለሙያ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ በ2017 ለጋዜጣ በሰጠው ቃል በአብዛኛው እንደሚጸጸትበት ተናገረ። ተቋሙም በዚያው ዓመት ያለ ምክንያት በየጊዜው ፓስዎርድ ማስቀየር ይቅር አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው በየሦስት ወሩ አዲስ እንቆቅልሽ ሲሰጠው ወይ በቢጫ ወረቀት ይጽፈዋል፣ ወይ በአሮጌው ጫፍ ላይ አንዲት ቁጥር ይጨምርበታል። ቢጫዋን ወረቀት የጻፋት ሠራተኛው ነው፤ ያስጻፈው ግን ደንቡ ነው። አን አዳምስና አንጄላ ሳሴ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንኑ በ1999 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል፤ የጽሑፋቸው ርእስ እንኳ «ተጠቃሚው ጠላት አይደለም» የሚል ትርጉም አለው። እኛ ግን ዛሬም ሠራተኛውን እንደ ጠላት እንቆጥራለን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ነው።

አህያው ማነው ትሉኝ እንደሆነ፣ አለቃው ነው። በድፍረት እንነጋገር። በመሥሪያ ቤቶቻችን ደንብን የሚያፈርስ የመጀመሪያው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደንቡን የፈረመው ሰው ነው። ፓስዎርዱን ለጸሐፊው የሚሰጠው አለቃ ነው። ልጁ ጌም እንዲጫወትበት የመሥሪያ ቤቱን ላፕቶፕ ቤት የሚወስደው አለቃ ነው። «እኔን ደግሞ ሁለተኛ ማረጋገጫ ትጠይቁኛላችሁ?» ብሎ የአይቲውን ልጅ የሚያስደነግጠው አለቃ ነው። የአይቲው ልጅ በኮንትራት የተቀጠረ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ነው፤ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብሎ ዝም ይላል። ከዚህ በኋላ ሠራተኛው ትምህርቱን የሚወስደው ሆቴል ውስጥ ከሚሰጠው የሁለት ቀን ሥልጠና ሳይሆን ከአለቃው ነው። የሥልጠናውን ቦርሳና እስክሪብቶ ይዞ ይመጣል፤ የአለቃውን ጠባይ ይዞ ይሠራል። አለቃ ሁሉ «ቶሎ በል፣ አትጠይቅ» በሚልበት ቤት ውስጥ፣ አለቃ መስሎ «ቶሎ በል፣ አትጠይቅ» የሚል ሌባ ቢደውል ሠራተኛው በምን ይለየው? ሌባው የተጠቀመው እኛ ራሳችን ባሠለጠንነው ታዛዥነት ነው።

የአሠራራችንን ጉድ ለማየት አንድ ሰው ሥራ ሲለቅ መመልከት ይበቃል። ክሊራንስ የሚባል ወረቀት ተሸክሞ አሥር ቢሮ ይዞራል። ንብረት ክፍል ስቴፕለሩንና ወንበሩን ይጠይቀዋል፤ ቤተ መጻሕፍት ያልመለሰው መጽሐፍ እንዳለ ያያል፤ የብድርና ቁጠባ ማኅበሩ ዕዳውን ይቆጥራል። ከአሥሩ ፊርማ አንዱ እንኳ «በስምህ የተከፈተው የኮምፒዩተር መግቢያ ተዘግቷል ወይ?» የማይልበት መሥሪያ ቤት ሞልቷል። እኔ ከዚያ መሥሪያ ቤት ስለቅ ስቴፕለር አስረክቤአለሁ፤ የኢሜይል መግቢያዬ ግን ከአምስት ወር በኋላም ይከፍት ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 የአሜሪካን ምሥራቃዊ ጠረፍ ነዳጅ ግማሽ ያህሉን የሚያመላልሰው ኮሎኒያል የተባለው የቧንቧ መሥመር የቆመው፣ ሥራ ላይ ባልነበረ ግን ባልተዘጋ በአንድ አሮጌ መግቢያ በኩል ነው። ሁለተኛ ማረጋገጫ የሌለው አንድ ፓስዎርድ ነበር። ኩባንያው 4 ነጥብ 4 ሚሊዮን ዶላር ቤዛ ከፈለ፤ በየማደያው ሰልፍ ሆነ። አሜሪካ ሰልፍ ያስያዘች አንዲት ያልተመለሰች ቁልፍ ነበረች። የእኛ ንብረት ክፍል ስቴፕለር ይቆጥራል።

የቤታችንንም ጉዳይ ሳላነሳ ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ሰዎች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማዛወር ቻሉ፤ ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በስልክ ተዛመተ፤ ሌሊቱን በገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ፊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ ነገሩ የሲስተም ማሻሻያ ሥራ ያስከተለው ችግር እንጂ ከውጭ የመጣ ጥቃት አይደለም ብሎ አስታወቀ። ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደነበረ፣ አብዛኛውም እንደተመለሰ በኋላ ተነገረ። ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በይፋ ተለጠፈ። የራስ ያልሆነን ገንዘብ መውሰድ ስርቆት ነው፤ ተማሪ ስለሆነ አይጸድቅም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ስለዚያ ሌሊት በየሻይ ቤቱ ስንነጋገር የቀረን የተሰለፉት ልጆች ፊት ነው። ማሻሻያው ሲሠራ ማን ያጣራው ነበር፣ ማን «ቆይ፣ አንዴ እንፈትሽ» ማለት ይችል ነበር፣ ቢልስ ይሰማ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ግን በሕዝብ መካከል ከልጆቹ ፎቶግራፍ እኩል አልተነሳም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ጩኸቱም ሁልጊዜ ከበር ውጭ ባለው ላይ ነው።

«ታዲያ ማንም አይቀጣ ልትለን ነው? ቅጣት ከሌለ ቸልተኝነት አይነግሥም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሴ፣ የምንቀጣውን እንለይ የሚል ነው። ዛሬ የምንቀጣው የተናገረውን ነው። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» ብሎ የመጣ ሠራተኛ ደብዳቤ ይጻፍለታል፤ የደበቀው ግን ዕድል ከቀናው ያልፋል። ይህ ለሁሉም ሠራተኛ የሚያስተምረው አንድ ትምህርት ነው፤ ደብቅ። የአቪዬሽን ሰዎች ይህን ከብዙ አደጋ በኋላ ተረድተውታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ አብራሪዎችና የአየር ተቆጣጣሪዎች ስሕተታቸውን በምሥጢር ለናሳ የሚያስታውቁበት ሥርዓት አለ፤ ሆን ተብሎ ያልተደረገን ስሕተት በጊዜው ያስታወቀ ሰው ጥበቃ ያገኛል። አውሮፕላን ውስጥ ስሕተት የደበቀ አብራሪ ራሱም አብሮ ይወድቃልና ነገሩ ቶሎ ገባቸው። በቢሮ ውስጥ ግን የሚወድቀው ሌላ ሰው ነው፤ በፌስታል ዶሴ የጠቀለለው ልጅ ነው። ለዚህ ነው ያልገባን።

አባቶቻችን «በሽታውን ያልተናገረ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለሆድ ቁርጠት ብቻ አይደለም። ሕግ አለን፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዋጅ ግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልክ ሲደወል ከሠራተኛው አጠገብ አይቀመጥም። በዚያች ደቂቃ ከአጠገቡ ያለው የመሥሪያ ቤቱ ልማድ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የማይፈጅ ነገር ነው። አንደኛ፣ ደንቡ ከላይ ይጀምር፤ አለቃው ሁለተኛ ማረጋገጫ ሲጠየቅ በሠራተኛው ፊት «እሺ» ይበል። ሁለተኛ፣ «መልሼ ልደውልልዎ» ማለት የሠራተኛ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታው ይሁን፤ ሚኒስትርም ቢሆኑ የደወሉት። ሦስተኛ፣ ክሊራንሱ ላይ ከስቴፕለሩ በፊት የኮምፒዩተር መግቢያው ይጠየቅ። አራተኛ፣ ስሕተቱን በዚያው ቀን ለተናገረ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አይጻፍ፤ አውቆ ለደበቀ ይጻፍ። የመጨረሻው ሕግ በዚያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ ተቀጪው እኔ እሆን ነበር፤ መሆንም ነበረብኝ።

ባልደረባዬን ከሁለት ዓመት በኋላ ታክሲ ጥበቃ ተሰልፈን አገኘኋት። ሌላ መሥሪያ ቤት ተቀጥራለች። ያን ዓርብ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ካየችኝ በኋላ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው፤ «እኔም ብሆን አልናገርም ነበር።» ይቅር ያለችኝ መስሎኝ ትንሽ ቀለለኝ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ይቅርታ አልነበረም። ስለ መሥሪያ ቤቶቻችን የሰማሁት ከባዱ ክስ ነበር። እሷን የሚያህል ሐቀኛ ሰው «አልናገርም ነበር» ካለ፣ የትኛው ማሽን ነው የሚጠብቀን?